ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ

የሒሳብ ሊቅ ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. በሞስኮ ተወለደች። በዚያ ዘመን የሩሲያ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ዝግ ስለ ነበረ፥ ከአገር ለመውጣት ስትል አግብታ በ1869 ወደ ጀርመን ሄደች። የበርሊን ዩኒቨርሲቲም ሴት አላስገባም ባላት ጊዜ፥ ታላቁ መምህር ዌየርሽትራስ 4 ዓመት ያህል ለብቻዋ አስተማራት።

በ1874 የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘችው ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ስለሚባሉት ቀመሮች ባደረገችው ምርምር ነው። በእነዚህ ቀመሮች፥ ነፋስ በሐይቅ ውሃ ላይ እንደሚያስነሣው ሞገድ ያለ ዘወትር የሚለዋወጥ ነገር ይሰላል። የነገሩ መነሻ ሲታወቅ ቀመሩ አንድ መልስ ብቻ የሚኖረው በምን ሁኔታ እንደ ሆነ አስረዳች፤ ሕጉም እስከ ዛሬ በኮሺና በእርሷ ስም ይጠራል።

በ1889 በስቶክሆልም ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች፤ በ1891 በ41 ዓመቷ ዐረፈች። ሒሳብ የወንድ ትምህርት ነው ለሚሉ ሁሉ፥ የእኅቶቻችን መልስ ይህ ሕይወት ነው።