ዚንዘንዶርፍ፦ የተጣሉትን ወደ አንድ ማዕድ ያመጣ ባላባት

ስለ ሞራቪያውያን የመቶ ዓመት ጸሎት ሳትሰሙ አትቀሩም፤ በየኮንፈረንሱ ይነገራል። ከጸሎቱ በፊት ስለነበረው ጠብ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

ኒኮላውስ ሉድቪግ ፎን ዚንዘንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1700 በጀርመን ድሬስደን ከተማ ከባላባት ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በጨቅላነቱ ስለሞተ ጌታን የምትወድ አያቱ አሳደገችው። ልቡ ወደ አገልግሎት ቢያዘነብልም እንደ ቤተሰቡ ፈቃድ ሕግ አጥንቶ በድሬስደን ቤተ መንግሥት ሥራ ያዘ።

በ1722 ክርስቲያን ዳቪድ የተባለ አናጢ ስለ እምነታቸው የተሰደዱ ሰዎችን ከሞራቪያ መርቶ ወደ ዚንዘንዶርፍ ርስት አመጣ። ባላባቱ አስጠጋቸው፤ መንደራቸውንም ሄርንሁት አሉት። የጌታ ጥበቃ ማለት ነው። ዝናው ሲሰማ ከየአቅጣጫው ሌሎችም መጡ፤ በ5 ዓመት ውስጥ ወደ 300 ሰው ሆኑ። ከጥንቱ የወንድሞች ኅብረት የመጣ አለ፣ ሉተራን አለ፣ የካልቪንን ትምህርት የሚከተልም አለ።

እንግዲህ አስቡት፤ እነዚህ ስለ ክርስቶስ ቤትና መሬታቸውን ጥለው የወጡ ናቸው። ለአሳዳጁ ያልተንበረከከ ሰው ለወንድሙም በቀላሉ አይበገርም። ስለ ጌታ እራት፣ ስለ አምልኮ ሥርዓት ክርክሩ ከረረ። በዚህ ላይ አንድ የመጨረሻ ዘመን ሰባኪ መጥቶ ዚንዘንዶርፍን የራእይ አውሬ፣ የአጥቢያውን መጋቢ ሮተን ደግሞ ሐሰተኛ ነቢይ አላቸው። ብዙዎች አመኑት። ክርስቲያን ዳቪድ ራሱ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ለብቻው ጎጆ ቀለሰ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መሬቱ የእሱ ነው፤ ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። ያስጠጋኋችሁ እኔን አውሬ ትሉኛላችሁ ብሎ ሊያባርራቸው ይችል ነበር። እሱ ግን በ1727 ከቤተ መንግሥት ፈቃድ ወስዶ እዚያው መንደር ገብቶ ተቀመጠ። መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። ሰደቡኝ ያላቸውን ሳይቀር እየተቀመጠ አነጋገረ። (ከመድረክ ሆኖ መገሠጽ ይቀላል፤ የተቀየመን ሰው በር ማንኳኳት ነው የሚከብደው።)

ግንቦት 12 ቀን ሰዎቹን ሰብስቦ ስለ መከፋፈል ኃጢአት ለ3 ሰዓት ያህል ተናገረ። በአንድነት ለመኖር የሚያስችል የመንደር ስምምነትም አቀረበ፤ ሰዎቹም እጅ ሰጥተው ቃል ገቡ። 12 ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ ክርስቲያን ዳቪድም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በዚያው ክረምት ዚንዘንዶርፍ የጥንቱን የወንድሞች ኅብረት ደንብ በሲታው ቤተ መጻሕፍት አገኘና ሲያነብ፣ አሁን ከተስማሙበት ጋር መመሳሰሉ አስገረመው።

ከዚያ ነሐሴ 13 ቀን በበርተልስዶርፍ አጥቢያ የጌታን እራት አብረው ወሰዱ። ሲሸሻሹ የነበሩ ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ። ልብ በሉ፤ የትምህርት ልዩነታቸው ሁሉ በዚያ ቀን አላለቀም። ከ2 ሳምንት በኋላ 24 ወንዶችና 24 ሴቶች ሰዓት ተከፋፍለው ቀንና ሌሊት መጸለይ ጀመሩ። በ1732 የመጀመሪያዎቹ ሚስዮናውያን ወደ ቅዱስ ቶማስ ደሴት ባሪያዎች ሄዱ። ለሀገራችንም አስበው ነበር፤ በ1752 ሆከር የተባለ ሐኪም ኢትዮጵያ ለመግባት አስቦ ካይሮ ደርሷል፤ አልተሳካለትም።

ዚንዘንዶርፍ እንከን የሌለው ሰው አልነበረም። በ1740ዎቹ ተከታዮቹ በመዝሙርና በአነጋገር ልክ ሲያጡ እሱም ቀድሞ አላረማቸውም። በ1742 በፔንስልቬንያ የጀርመን ክርስቲያኖችን ሁሉ አንድ ለማድረግ 7 ጉባኤ አድርጎ ሳይሆንለት ተመለሰ። ብዙዎች በጥርጣሬ ነው ያዩት።

በ1760 በሄርንሁት አረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ክርስቲያን ዳቪድ ደግሞ 9 ዓመት ቀድሞት በዚያው መንደር አርፎ ነበር።