ማርኮኒ፦ ሞገድን ከሞገድ የለየ፣ ወረራንም የደገፈ ሰው

በአንድ የመስኖ ቦይ ብዙ ገበሬዎች ያለ ተራ ውሃ ቢጠልፉ ለማንም የሚበቃ አይገኝም። የገመድ አልባ ግንኙነትም በመጀመሪያው ዘመን የገጠመው ችግር ይኸው ነበር። ለችግሩ መላ ከፈለጉት አንዱ ጣሊያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ ነው።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1874 በቦሎኛ ከተማ ከጣሊያናዊ ባለርስት አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ። በ1895 በቤተሰቡ ርስት ላይ ሲሞክር፣ የላከው ምልክት ከኮረብታው ማዶ መድረሱን ወንድሙ ጠመንጃ በመተኮስ እንዳበሠረው ይነገራል። በ1896 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በ1899 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባሕር አቋርጦ መልእክት አስተላለፈ።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ማሰራጫዎች በእሳት ብልጭታ የሚሠሩ በመሆናቸው ሞገዳቸው የተወሰነ ስፍራ አልነበረውም። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ሲልኩ ተቀባዩ የሚሰማው የተደበላለቀ ጩኸት ነበር። ማርኮኒ ላኪውና ተቀባዩ በሽቦ ጥቅልና በካፓሲተር ተስተካክለው በአንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ እንዲግባቡ አደረገ፤ በ1900 በእንግሊዝ ቁጥር 7777 የሆነውን የፈጠራ መብት አገኘ። ለእያንዳንዱ የየራሱን ቦይ እንደ መቅደድ ነበር። መንገዱን ግን ብቻውን አልጠረገም። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ በ1897 ቀድሞት ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1943 የማርኮኒን ተመሳሳይ የአሜሪካ መብት ዋና ዋና ክፍሎች ውድቅ አድርጓል።

መላው ሙሉ አልነበረም። በ1901 በኒውዮርክ የጀልባ ውድድር ተፎካካሪ ኩባንያዎች የአንዱን መልእክት በሌላው አበላሹት። በ1903 ደግሞ ለንደን ውስጥ በማርኮኒ መሣሪያ የሚደረግ የአደባባይ ማሳያ ሊጀመር ሲል ኔቪል ማስኬሊን የተባለ ሰው የፌዝ መልእክት አስገባበት። መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሕግም እንደሚያስፈልግ እየታየ ሄደ። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ700 በላይ ሰዎች የተረፉት የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች በላኩት የድረሱልን ጥሪ ነበር፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ጣቢያዎች ፈቃድ አውጥተው በተወሰነላቸው ሞገድ እንዲሠሩ ደነገገች።

ማርኮኒ በ1909 ከጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ።

ለኢትዮጵያውያን ግን ስሙ መራራ ትዝታም አለው። በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ወረራውን በአደባባይ ደገፈ። በእንግሊዝ ሬዲዮ ቀርቦ ስለ ወረራው ሊከራከር ቢጠይቅም ቢቢሲ ሞገዱን ነፈገው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1937 በሮም ሲያርፍ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ስርጭታቸውን አቋረጡ። ዛሬ አድማጭ የሬዲዮውን ቁልፍ አዙሮ አንዱን ጣቢያ ከሌላው ለይቶ የሚሰማው እርሱና ጓደኞቹ በጀመሩት ሥርዓት ነው። በዚያው መሣሪያ እውነትም ሐሰትም ይተላለፋል፤ ሞገዱ ሲጠራ የሚናገረውን ሰው የመመዘኑ ኃላፊነት የአድማጩ ነው።