በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ ብዙውን ጊዜ የሚታጨው የሕግ ሊቅ ነው። የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግን የተማሩት የመድፈኛነት ሙያ ነበር።

በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር በተባለው ስፍራ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ የራስ መኰንንን ሠራዊት ተከትለው ዓድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ወደ መስኮብ አገር፣ ማለትም ወደ ሩሲያ ተላኩ፤ በአንድ የጦር መኰንን ቤት አድገው በመድፈኛ ትምህርት ቤት ሠለጠኑ። በኋላም በምዕራብ አውሮፓ ስለ እርሻ አጠኑ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያዩት አሠራር ዕረፍት ነሣቸው። በእንስሳት አንደበት ሹማምንትን የሚነቅፍ «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለ ተውኔት ደረሱ። በአማርኛ ቲያትር ታሪክ የመጀመሪያው የሆነው ይህ ድርሰት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ጨርጨርን በገዙ ጊዜ ግን ሐሳባቸውን በሥራ ለመግለጥ ዕድል አገኙ፤ አውራጃውንም በተጻፈ ደንብ ለማስተዳደር ጣሩ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ ባዘዟቸው ጊዜ ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። ለአብነት የወሰዱት በ1881 ዓ.ም. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ታላላቆቹ መኳንንት በዘር የያዙት ሥልጣን በሕጉ እንዲጸናላቸው ፈለጉ፤ የተማሩት ወገኖች ግን ይህን ተቃወሙ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ 55 አንቀጾች ነበሩት። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉ ሁለት ምክር ቤቶችን አቆመ። ሆኖም የመጀመሪያውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሟቸዋል፤ የሁለተኛውንም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጧቸዋል። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን መምረጥ የጀመረው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ ነው። በእርግጥ የመኳንንቱ ኃይል ተገታ፤ ነገር ግን የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የሚገታ አንድም አንቀጽ አልነበረም።

ይህ ጉድለት ደራሲውን ራሳቸውን ለማግኘት አምስት ዓመት እንኳ አልቆየም። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ተክለ ሐዋርያት በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። ማኅበሩ ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ቢፈርድም ወረራው አልተገታም፤ እርሳቸውም ለመዋጋት ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ በተነሡ ጊዜ ተክለ ሐዋርያት አጥብቀው ተቃወሙ፤ ንጉሥ በአገሩ ላይ ሲዋጋ መሞት አለበት ባይ ነበሩ። ነገር ግን ቃላቸው ምክር ብቻ ነበር። ራሳቸው ያረቀቁት ሕግ ንጉሡን ለማስገደድ ሥልጣን ለማንም አልሰጠም።

እርሳቸውም ተሰደዱ፤ በማዳጋስካር ረዥም ዘመን ኖሩ። ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላም ቶሎ አልተመለሱም። ሲመለሱም ከቤተ መንግሥት ርቀው በሂርና እርሻቸውን ሲያለሙ ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ ያረቀቁት ሕግም ዙፋኑም አልነበሩም። በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ለኅትመት የበቃው ከሞቱ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።