ጠባሳቸው ያሳወቃቸው ሐኪም

በዚህ እትም ይዘን የቀረብነው የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን የሕይወት ታሪክ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም በመሆናቸው ነው። እኛ ግን ታሪካቸውን የመረጥነው በሌላም ምክንያት ነው። ነገ ተመርቀን ከብቸና እስከ ሞጣ ባሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች ስንመደብ፣ ማጭድ የቆረጠው፣ እሾህ የወጋው፣ ድንጋይ የፈነከተው ተማሪ መጀመሪያ የሚመጣው እኛው ዘንድ ነውና።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወለዱ። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዝ ገና ሕፃን ነበሩ፤ ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙ። ቻምበርሌን የተባለ ኮሎኔል ወደ ሕንድ ይዟቸው ሄደ። እሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ ቋንቋቸውንም ረስተው አደጉ።

በትምህርታቸው ግን በርትተው በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ኤድንብራ ከተማ ትምህርታቸውን አሻሻሉ። ኤድንብራ ከዚያ ቀደም ጆሴፍ ሊስተር ያስተማረበት ከተማ ነው። ሊስተር በነሐሴ 1857 ዓ.ም. ግላስጎ ውስጥ ጋሪ እግሩን የሰበረውን የ11 ዓመት ልጅ ቁስል ካርቦሊክ አሲድ በነካ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ሳያመረቅዝ አድኖታል። በዚያ ዘመን አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ስብራት ብዙ ጊዜ እግር ያስቆርጥ ወይም ይገድል ነበር። ካርቦሊክ አሲድ ሥጋን ስለሚያቃጥል ዛሬ ለቁስል አይደረግም። ትምህርቱ ግን ጸንቶ ይኖራል፤ ቁስልን የሚያመረቅዘው በዓይን የማይታይ ጀርም ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በርማ ውስጥ በሥራ ላይ ሳሉ የአድዋን ድል ሰሙ፤ ልባቸውም ወደ አገራቸው ተመለሰ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛ አይችሉም ነበር። ወሬውን የሰሙ አንዲት አሮጊት ግን መጥተው በሰውነታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አዩና የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አወቁ። ስማቸውንና ዘመዶቻቸውን ያገኙት እንዲህ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፤ ያ የልጅነት ቁስል አመርቅዞ ቢገድላቸው ኖሮ ጠባሳውም ሐኪሙም ባልኖሩ ነበር።

ኋላም ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ሐኪምነት ብቻ አልበቃቸውም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት ተቆጣጠሩ፣ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ፣ ጨርጨርን አስተዳደሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸውን ቢንያምንና ዮሴፍን ግን ፋሽስቶች በ1929 ዓ.ም. ገደሉባቸው። እሳቸውም በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ታዲያ እኛ ከዚህ ምን እንማራለን? ከመካከላችን አንዱ የብቸና ልጅ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለ በጤፍ አጨዳ ማጭድ እግሩን ቆረጠው፤ ቤት አመድ ነሰነሱበት። መምህሩ ግን አመዱን አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ አስረው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ዛሬ ኳስ ይጫወታል። የሞጣዋ ጓደኛችን ታናሽ ወንድም ግን እሾህ ወግቶት እበት ተለጥፎበት ሰነበተ። ዛሬ የሚሄደው በምርኩዝ ነው።

ስለዚህ አመድ፣ የቡና ዱቄት፣ እበት ቁስል ላይ አይደረግም። መጀመሪያ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገን እንያዝ፤ ጨርቁ ደም ቢጠጣም ሳናነሳው ሌላ እንደርብበት። ደሙ ሲቆም በንጹሕ ውሃ በደንብ እንጠብ፤ ሳሙናው ለዙሪያው ቆዳ ነው። ጠልቆ የተሰካ ነገር ግን አይነቀልም።

መሸፈኛውም እንደ ቁስሉ ነው። ለተላጠ ቁስል የማይጣበቅ ጎዝ፣ ለትንሽ ቁራጭ ፕላስተር ይበቃል። ጥጥ በቀጥታ አይደረግም፤ ክሩ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። ፋሻው አይጥበቅ፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው ይላላ። ሲረጥብና ሲቆሽሽ ይለወጥ፤ ከተጣበቀም በውሃ አርሰን እናንሣው። እሳት ወይም የፈላ ውሃ ያቃጠለው ልጅ ቅቤ ሳይቀባ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት። ውሻ የነከሰውን ቁስል ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥበን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንላክ። ጥልቅና ቆሻሻ የገባበት ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት ያስፈልገዋል። ቁስሉ ካበጠ፣ ከቀላ፣ መግል ከቋጠረ ወይም ልጁን ካተኮሰው እኛ ዘንድ አይቆይ።

ሐኪም ወርቅነህ ሐኪምም የትምህርት ሰውም ነበሩ። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ቁስል አጥቦ መሸፈን ግን ከእኛም ይጠበቃል። እንግዲህ ጓደኞች፣ ስንመደብ ከጠመኔው ጎን ሳሙናና ፋሻ እንያዝ።