አክሊሉ ለማ፡ ልጆች ከሚጫወቱበት ውሃ በሽታን ለማስወጣት የታገሉት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት

ቤተሰብ ትንሽ ልጅ ይዞ ወደ መዝናኛ ስፍራ ሲሄድ ከጨዋታው በፊት የሚያስበው አንድ ነገር አለ፤ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው? የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ሽንቱ ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም። በትልልቅ ከተሞች ያሉ የልጆች መጫወቻዎች ለዚህ ጥያቄ በምልክት ሰሌዳ፣ በቧንቧ ውሃና ለልጅ በሚመጥን መቀመጫ መልስ ለመስጠት ይሞክራሉ።

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ በራሃድ ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው ሀዋታ ግን ለልጆች ቅርቡ መዝናኛ ወንዙ ነው። ራሃድ ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ካለው የኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ተነስቶ ድንበሩን ይሻገራል። በክረምት ሞልቶ ይፈሳል፤ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ይሆናል። እንደ ብዙ የወንዝ ዳር አካባቢዎች ሁሉ ልጅ የሚንቦጫረቅበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ከብት የሚጠጣበት ውሃ አንድ ሊሆን ይችላል። በጨዋታ መሃል ሽንቱ የመጣ ሕፃን ደግሞ ከውሃው ወጥቶ ርቆ እስኪሄድ አይታገስም።

ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ የሚጀምረው ከዚህች ቅጽበት ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን የሰጡት፣ ይህን የበሽታ ሰንሰለት የሚበጥስና ድሃ ገበሬ በገዛ እጁ ሊያዘጋጀው የሚችል መፍትሔ ለማግኘት ነበር።

ከሕፃኑ ወደ ቀንድ አውጣ

ቢልሃርዝያን የሚያመጣው በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል ነው። በአካባቢው ከሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች የአንደኛው እንቁላል በዓይነ ምድር፣ የሌላኛው በሽንት ይወጣል። እንቁላሉ ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው ተህዋስም በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ የሚያድርበት ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ውስጥ ለሳምንታት ይራባል፤ ከአንድ ተህዋስም እጅግ በርካታ አዳዲስ ተህዋስያን ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። እነዚህ ወደ ውሃው የገባ ሰው ሲያገኙ ቆዳውን በስተው ይገባሉ። ቀኑ በሚሞቅበት፣ ልጆችም ውሃ ውስጥ መግባት በሚወዱበት የቀትር ሰዓት ቁጥራቸው ይበዛል።

በሽታው ወዲያው አይገድልም። ልጁን ያደክመዋል፤ ደሙን ያሳንሰዋል፤ ትምህርቱን ያጓትትበታል። ዓመታት ሲያልፉ ጉበትን ወይም የሽንት ፊኛን ይጎዳል። በእናቱ ጎን ተቀምጦ በወንዝ ወይም በቦይ ውሃ የሚታጠብ ጨቅላም ሊያዝ ይችላል።

ሰንሰለቱን በሦስት ቦታ መበጠስ ይቻላል። ዓይነ ምድርና ሽንት ወደ ውሃው እንዳይገቡ ማድረግ፣ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት፣ ወይም የታመመውን ሰው ማከም። ዶክተር አክሊሉ በሁለተኛው ገቡ።

በዓድዋ የታየው አረፋ

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በአውሮፓውያኑ 1935 ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ወደ አገራቸው እንደተመለሱም በዚያው ዓመት የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑ ቀንድ አውጣዎችን ስርጭት ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ።

በዚያም ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ አዩ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ አረፋ ይሰጣል፤ ሳሙና በገበያ ከመስፋፋቱ በፊት የኢትዮጵያ ነጠላና ጋቢ ለብዙ ዘመን የነጣው በዚሁ ነው። ተመራማሪው ያስተዋሉት ነገር ልብሱን አልነበረም። አረፋው ከሚወርድበት በታች ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተገኙ።

ነገሩ አጋጣሚ እንዳይሆን በዚያው ወንዝ ዳር ሞከሩት። ሕያው ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ አረፋ ውስጥ ሲገቡ ሞቱ። ቀጥሎም ጥናቱ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። እናቶች ለዘመናት ሲጠቀሙበት የኖሩት ፍሬ፣ ማንም ሳያውቀው ልጆቻቸው ከሚጫወቱበት ውሃ በሽታ አስተላላፊውን ሲገድል እንደኖረ ታወቀ።

በ1966 ዶክተር አክሊሉ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከእንዶድ ፍሬ ተለይቶ የወጣው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገርም ከአባታቸው ስም ተወስዶ ለማቶክሲን ተባለ።

ሕፃናቱ የሰጡት ማስረጃ

ለግኝቱ ትልቁ ፈተና የመጣው ከ1969 እስከ 1974 ነው። በእነዚህ ዓመታት በዓድዋ ከተማ ወንዞችና ጅረቶች ላይ እንዶድ በየጊዜው ተረጨ። ውጤቱ በዋናነት የተለካው በትንንሽ ልጆች ነበር።

ይህ ያለ ምክንያት አልነበረም። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው ትል ለዓመታት ስለሚቆይ፣ አዋቂውን በመመርመር ውሃው ዛሬ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን ማወቅ አይቻልም። ገና በቅርቡ ወደ ውሃ መግባት የጀመረ ልጅ ግን በሽታው ከተገኘበት የተያዘው በቅርብ ጊዜ ነው። በሙከራው መጀመሪያ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ካሉት የዓድዋ ልጆች 50 በመቶው ቢልሃርዝያ ነበረባቸው። በሙከራው ማብቂያ ቁጥሩ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ዶክተር አክሊሉ ከዚህ ውጤት ያዩት ከቁጥሩ የሰፋ ነገር ነበር። በወቅቱ ቀንድ አውጣን ለማጥፋት የሚያገለግለው የፋብሪካ ኬሚካል ውድ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። እንዶድ ግን በደጋውና በወይና ደጋው ይበቅላል፤ አዘገጃጀቱንም እናቶች ያውቁታል። በእርሳቸው እምነት በሽታው የድሃ በሽታ ከሆነ መድኃኒቱም ድሃው ሊያበቅለው የሚችል መሆን ነበረበት።

ረጅሙ የዕውቅና መንገድ

ዓለም አቀፍ ተቋማት ግን ወዲያው አልተቀበሉትም። በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በምዕራባውያን ቤተ ሙከራዎች እንደገና እንዲረጋገጥ፣ የእንዶድ ደኅንነትም በውድ ምርመራ እንዲፈተሽ ተጠየቀ። ምርመራውን የሚከፍል አካል ለማግኘት ረጅም ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻም በካናዳ ድጋፍ ተካሄደ። በዚህ መሃል ንጥረ ነገሩን ከፍሬው የማውጣት ዘዴ ላይ አንድ የለንደን የምርምር ተቋም የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር። ይህ ዶክተር አክሊሉን ያሳዘነና ስለ ድሃ አገራት ሳይንቲስቶች መብት ደጋግመው እንዲናገሩ ያደረገ ጉዳይ ነው።

እርሳቸው ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሲሠሩ፣ በአገር ቤት ጥናቱን ካስቀጠሉት ዋነኛው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ዶክተር ለገሠ ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች በርካታ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማወዳደር ዓይነት 44 የተባለውን፣ ቀንድ አውጣን በመግደል ኃይሉ የላቀውን ለዩ። በ1989 ሁለቱ ሳይንቲስቶች አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ዶክተር አክሊሉ በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት የልጆች ዕድገት ማዕከልም በምክትል ዳይሬክተርነት አገልግለዋል። ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት በ1997 ነው። እንዶድ በብዙ አገራት የውሃ ዳርቻዎች በስፋት ሲሠራበት ለማየት አልታደሉም።

ለዚህ ምክንያቱ የተቋማት መዘግየት ብቻ አይደለም። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። የቀንድ አውጣን እንቁላል ስለማያጠፋና በውሃ ውስጥ ኃይሉ ቶሎ ስለሚከስም መላልሶ መረጨት አለበት። ከዚያም ፕራዚኳንቴል የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ዋጋው ሲቀንስ የዓለም ትኩረት ወደ ሕክምናው ዞረ።

በራሃድ ዳርቻ የቀረው ጥያቄ

መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል፤ ልጁ ነገ ተመልሶ ወደዚያው ውሃ እንዳይገባ ግን አያደርግም። ለረጅም ጊዜ ደግሞ ለትምህርት ቤት ያልደረሱ ሕፃናት ከጅምላ ሕክምናው ውጭ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች እንዲታከሙ መመሪያ ያወጣው በ2022 ሲሆን፣ ለሕፃናት የተዘጋጀውን የመድኃኒት ዓይነት ቅድመ ብቃት የሰጠው በ2024 ነው።

ሱዳን ይህን ትግል በሚገባ ታውቀዋለች። በ1925 የተጀመረው የገዚራ መስኖ፣ በኋላም ከጥቁር ዓባይ ውሃ በፓምፕ የሚስበው የራሃድ መስኖ እርሻን ሲያስፋፉ ለቀንድ አውጣም ምቹ ቦይ ፈጥረዋል። በ1979 የተጀመረው የጥቁር ዓባይ የጤና ፕሮጀክት በእነዚህ የመስኖ አካባቢዎች ወባን፣ ተቅማጥንና ቢልሃርዝያን በአንድነት ለመቆጣጠር ሲነሳ መድኃኒትን ከንጹሕ ውሃና ከመጸዳጃ ቤት ጋር ያጣመረው ለዚህ ነው። ከድንበሩ ወዲህም በጎንደር አካባቢ እንደ ሳንጃ ባሉ ከተሞች በሽታው በተማሪዎች ዘንድ በስፋት ተገኝቷል። የሰሊጥና የማሽላ አጨዳ ሠራተኞች በየዓመቱ በመተማ በኩል ሲመላለሱ በኖሩበት በዚህ ቀጠና ተህዋስ ድንበር አያውቅም።

ከሚያዝያ 2023 ወዲህ በሱዳን ጦርነት የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ገዳሪፍ ገብተዋል፤ በግዛቲቱ ቀድሞም ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ተጠልለው ነበር። ሰው በበዛበትና መጸዳጃ በሚያንስበት መጠለያ ለአዋቂ የተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድ ለሦስት ዓመት ልጅ ያስፈራል። ልጁ ወደ ሜዳው ወይም ወደ ውሃው ዳር የሚሄደው ባለጌ ስለሆነ አይደለም፤ ለእርሱ የተሠራ ቦታ ስለሌለ ነው።

ወላጅ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ልጁን ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊት ሽንት ማሸናት፣ በፖፖ የተቀመጠውን ወንዝ ሳይሆን መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ መድፋት፣ የሽንት ጨርቁን ከወንዙ ርቆ ማጠብ፣ ለሕፃን መታጠቢያ የሚሆነውን ውሃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ሁለት ቀን አሳድሮ መጠቀም። ለልጅ እግር የሚመጥን ጠባብ ቀዳዳ ያለው መጸዳጃ መሥራት፣ ንጹሕ ውሃ ማድረስና ሕክምናውን ማዳረስ ግን የወላጅ ብቻ ሸክም ሊሆን አይችልም።

የአክሊሉ ለማ ሕይወት ያስተማረው ትልቅ መፍትሔ ከልብስ አጣቢዎች እጅ ሊጀምር እንደሚችል ነው። የዓድዋው ሙከራ ያተረፈው ሌላው ትምህርት ደግሞ መለኪያው ነው። አንድ የወንዝ ዳር ከተማ ንጹሕ መሆኗ የሚታወቀው በትንንሽ ልጆቿ ጤና ነው፤ ሀዋታም ሆነች ሳንጃ በዚሁ ሚዛን ይለካሉ።