ሐኪሙ ተከላካይ፦ የዶክተር አርማን ስዋርተንብሩክስ ታሪክ

ኳስ ወይስ ትምህርት? ይህ ክርክር የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ወላጅ ልጁ ደብተሩን እንዲይዝ ይፈልጋል፤ የልጁ ልብ ግን ሜዳ ላይ ነው። ዘንድሮ ታሪካቸውን የመረጥንላችሁ ሰው ሁለቱንም ይዘው የኖሩ ቤልጅየማዊ ናቸው።

አርማን ስዋርተንብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1892 ብራስልስ ውስጥ በላከን ተወለዱ። ክለባቸው የብራስልሱ ዳሪንግ ሲሆን፣ የሚጫወቱት በተከላካይ ቦታ ነበር። በ1913 ለብሔራዊ ቡድን ተመረጡ። በዚያ ዘመን በቤልጅየም ኳስ እንጀራ አልነበረም፤ ተጫዋች ደመወዝ የለውም፣ የሚኖረው በሌላ ሥራው ነው። እሳቸውም ሕክምና ተምረው ዶክተር ሆኑ።

ዳሪንግ በ1914 የቤልጅየም ሻምፒዮን ሆነ። ወዲያው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የጀርመን ጦር አገሪቱን ወረረና ውድድሩ ሁሉ ተቋረጠ። ለአንድ ኳስ ተጫዋች ከሃያ ሁለት እስከ ሃያ ስድስት ዓመት ያለው ጊዜ ጉልበቱ የሚበረታበት ነው። እሳቸው ያንን ዕድሜ ጦርነት ወሰደባቸው። ብዙዎች በዚህ ተስፋ ቆርጠው ይተዉት ነበር፤ እሳቸው ግን ሰላም ሲመጣ ወደ ሜዳ ተመለሱ።

በ1920 የኦሎምፒክ ውድድር በቤልጅየም ከተማ በአንትወርፕ ተካሄደ። ቤልጅየም ስፔንን 3 ለ 1፣ ሆላንድን 3 ለ 0 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። መስከረም 2 ቀን ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር ተገናኙ። ኮፔ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ቀጥሎም ላርኖ አገቡና 2 ለ 0 ሆነ። ዳኛው እንግሊዛዊው ጆን ሉዊስ አንድ የቼክ ተጫዋች ከሜዳ ሲያስወጡ፣ ቀድሞውንም በዳኝነቱ የተናደዱት ቼኮች ዕረፍት ሳይደርስ ጨዋታውን ጥለው ወጡ። ቡድናቸው ከውድድሩ ተሰረዘ፤ ወርቁም ለቤልጅየም ሆነ። እስቲ ልብ በሉ፦ በሦስቱ ጨዋታዎች ቤልጅየም ላይ የገባው ጎል አንድ ብቻ ነው። ጎል ያገባ ሰው ስሙ ይነሣል፤ ጎል እንዳይገባ ያደረገው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። የተከላካይ ሥራ እንዲህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ዳሪንግ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ነገር ግን ሁልጊዜ ድል የለም። በ1924 በፓሪስ ኦሎምፒክ፣ ወርቁን የያዘችው ቤልጅየም በስዊድን 8 ለ 1 ተሸነፈች። ለተከላካይ ከዚህ የሚከብድ ውጤት የለም። ታዲያ ዶክተር አርማን በዚህ አላበቁም፤ እስከ 1928 ድረስ የአገራቸውን ማሊያ ለበሱ፣ ከ50 ያላነሰ ጨዋታም አደረጉላት።

ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላስ? ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። እሳቸው ግን ሙያ በእጃቸው ነበረ። ቆይቶም ከብራስልስ አሥራ ዘጠኝ ማዘጋጃ ቤቶች አንዱ የሆነው የኩከልበርግ ከንቲባ ሆኑ። በ1980 በ88 ዓመታቸው አረፉ።

ወጣቶች፣ ኳሱን ውደዱት፣ ደብተሩንም አትጣሉት። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ማሊያ ለብሶ ሲወጣ ትምህርቱ ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። ሜዳ ላይ ወድቆ መነሣትን የተማረ ልጅ፣ ፈተና ሲከብደውም ቶሎ እጅ አይሰጥም።