ምዚሊካዚ፤ የንዴቤሌ መንግሥት መሥራች

ስለ ደቡባዊ አፍሪቃ ነገሥታት ሲነሣ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምናስታውሰው የዙሉውን ንጉሥ ሻካን ነው። እኔ ግን በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን አንባብያን ላቀርብ የወደድሁት ከሻካ ሥር ወጥቶ የራሱን መንግሥት ያቋቋመውን የምዚሊካዚን ታሪክ ነው። እርሱን የመረጥሁት ማፍረስና መሥራት በአንድ ሰው ሕይወት ተጣምረው ስላገኘኋቸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምዚሊካዚ የተወለደው በ1790ዎቹ ገደማ ዛሬ ክዋዙሉ ናታል በሚባለው የደቡብ አፍሪቃ ክፍል ነው። አባቱ ማሾባኔ የኩማሎ ነገድ አለቃ ሲሆን እናቱ የኃይለኛው የንድዋንድዌ ንጉሥ የዝዊዴ ልጅ ነበረች። ይሁን እንጂ አማችነት ማሾባኔን አላዳነውም፤ ዝዊዴ አስገደለው። ምዚሊካዚም የአባቱን ሥልጣን ከወረሰ በኋላ የአያቱን ወገን ትቶ ከባላንጣው ከሻካ ጋር ተሰለፈ።

በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሻካ ከብት ማርኮ እንዲመጣ አዘመተው። ምዚሊካዚ ከብቱን ማረከ፤ ለንጉሡ ግን አላስረክብም አለ። ጦር ሲላክበትም ጥቂት መቶ ተከታዮቹን ይዞ ወደ ሰሜን ሸሸ። በዚያ ጉዞ ብዙ መንደሮችን አጠፋ፤ ወጣቶችንም እየማረከ በጦሩ ውስጥ አስገባ። የሶቶና የጽዋና ሰዎች እነዚህን እንግዶች ማቴቤሌ ይሏቸው ነበር። በ1829 ስኮትላንዳዊው ሚስዮናዊ ሮበርት ሞፋት ጐበኘው፤ በመካከላቸውም ለብዙ ዓመታት የቆየ ወዳጅነት ተመሠረተ።

በ1836 ከቦኤር ሰፋሪዎች ጋር ጦርነት ተነሣ። በ1837 ምዚሊካዚ ተሸነፈና የሊምፖፖን ወንዝ ተሻግሮ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር ሰፈረ። በስደቱ ሕዝቡ ሁለት ላይ ተከፍሎ ስለ ነበር፣ ንጉሡ የሞተ የመሰላቸው አለቆች ልጁን ሊያነግሡ አሰቡ። እርሱ ሲደርስ ግን ብዙዎቹን በሞት እንደ ቀጣቸው ይተረካል። ንታባዚንዱና፣ ማለት የአለቆች ተራራ፣ የሚባለው ኮረብታ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው ይባላል።

በአዲሱ መንግሥት ሰዎች እኩል አልነበሩም። ከትውልድ አገሩ አብረውት የመጡት ዛንሲ፣ በመንገድ የተቀላቀሉት ኤንህላ፣ በአዲሱ አገር የተገዙት ሆሌ ተብለው በማዕርግ ይለያዩ ነበር። ሆኖም የስደተኞቹ ቋንቋ ንዴቤሌ ቀስ በቀስ የብዙዎቹ መግባቢያ ሆነ። ቋንቋው የዙሉ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ በምላስ ጠቅታ የሚነገሩ ድምፆች አሉት፤ ከእነዚህም አንዱ ሰው ፈረስ ሲነዳ በጉንጩ የሚያሰማውን ይመስላል። በደቡብ አፍሪቃ የሚኖሩትና በቤቶቻቸው ላይ በሚሥሉት ጌጥ የታወቁት ንዴቤሌዎች ግን ከምዚሊካዚ በፊት እዚያ የነበሩ ሌላ ሕዝብ ናቸው፤ ቋንቋቸውም የተለየ ነው።

ምዚሊካዚ በመስከረም ወር 1868 ሞቶ በማቶቦ ኮረብቶች ተቀበረ። ልጁ ሎቤንጉላ ወረሰው፤ በ1893 ግን መንግሥቱን የሴሲል ሮድስ ኩባንያ ጦር አፈረሰው። ቋንቋው ግን ከዙፋኑ ጋር አልወደቀም፤ በ2013 የወጣው የዚምባብዌ ሕገ መንግሥት ዕውቅና ከሰጣቸው 16 ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል።

እኔ ምዚሊካዚን ጀግና ብቻ ብዬ ለማወደስ አልደፍርም፤ መንደራቸው የተቃጠለባቸውም ሰዎች ታሪክ አላቸውና። አጥፊ ብቻ ብዬ ብተወውም እውነቱን አጐድላለሁ። በግዴታ ወደ መንግሥቱ የገቡት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በዚያው ቋንቋ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፤ ንዴቤሌ ነን ሲሉም በሙሉ መብት ነው። እኛም የነገሥታትን ታሪክ ስናነብ ንጉሡ ስንት አገር ያዘ ከማለት አልፈን፣ በእርሱ ሥር የወደቀው ሕዝብ ምን ሆነ ብለን እንጠይቅ።